ለወፏ ያወጣሁላት ስም

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ዝናብ። ልጄ ከዘንባባ ግንድ የተፋቀ ሳጎ ታጥባለች፣ እኔ የቡዋይ ፍሬ አኝካለሁ። ቋንቋችንን ልታጠና ከከተማ የመጣችው ተማሪ፣ ሮሴላ፣ ደብተሯን ይዛ መጣች። የሦስቱ የወንዛችን መንደሮች ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው ትላለች፤ የሞተችውን እናት ንግግር ከልጆቿ ልታገኝ ነው። የሳጎ ትራፊ የምትለቅመውን ትንሽ ወፍ አሳየችኝ።
«አባባ ሊኑስ፣ ይቺ ማን ትባላለች?»
ጠፋብኝ። ድሮ ቤተ ክርስቲያን ያስተማርኩ፣ «የማንጊር መንደር መዝገብ» የምባል ሰውዬ፣ አላውቅም ልበል?
«ኩምባሪክ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ጻፈችው። ምን አለበት፣ አንዲት ወፍ ናት...

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ሮሴላ ከታችኛው መንደር፣ ከዋምቡን፣ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። ያቺ ምላሳም ኦቲሊያ፣ በቃል ስትፎካከረኝ ያረጀችው፣ «እኛማ ቱምባሪክ ነው የምንላት። ሊኑስ 'ኩ' ሲል እኛ 'ቱ' ነው» ብላታለች። ስትዋሽ እንኳ የሁለቱን ቋንቋ የድምፅ ደንብ አልሳተችም! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።
«ምን አሳቀዎት?»
«እ... ቡዋዩ ነው።»

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12
ሦስተኛው መንደርም! ሽማግሌው ያምባይ «ኡምባሪክ፤ አያቴ ዘፈን ነበራት ስለሷ» አለ። ዘፈኑንም ዘፍኗል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21
ሳቄ ቆመ። ሮሴላ ቃሌን የእናትየዋ ቋንቋ የቃላት ዝርዝር ውስጥ አስገብታ፣ ከፊቱ ኮከብ አድርጋበታለች።
«ኮከቡ ምንድነው?»
«ማንም ሲናገረው አልሰማንም፣ ከልጆቹ ተነስተን የገመትነው ነው ማለት ነው።»
የመመረቂያ ጽሑፏ ሰኞ ይላካል። ዝም ብል ልጅቷ በኔ ቅጥፈት ትዋረዳለች። ብናገር ሦስታችንም ውሸታም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔው እያደር ከበደ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23
በታንኳ ዋምቡን ወረድኩ።
«ኦቲሊያ፣ እውነተኛ ስሟን ንገሪኝ። ረስቼዋለሁ።»
«እኔ ደግሞ አንተ የምታውቅ መስሎኝ! ምን ላድርግ፣ ካንተ ልነስ?»
ያምባይን አስጠራነው። «ዘፈኑስ?»
«እዚያው ነው የፈጠርኩት። አላማረም?»
ሳቅን። ግን ከኛ ሌላ ሊያስታውስ የሚችል ሰው የለም። ስሟ በቃ ጠፋ። ከፋኝ... በጣም ከፋኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 24
ከጸሎት በኋላ ሦስታችንም ተደርድረን ለሮሴላ ተናዘዝን። ተቆጣች። ቃሉን ሰረዘችው፣ ቦታውን ባዶ ተወችው። ቆይታ ግን «አባባ ያምባይ፣ ዘፈኑን ልቅዳው?» አለች።

ዓርብ፣ ግንቦት 29
ሮሴላ የአንድ ቅጠል ስም ጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።
«አላውቀውም» አልኳት። በሰባ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ኦቲሊያ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ወዲያው ነገረችን። እስክትጠግብ ሳቀችብኝ። ተውኳት፣ ትሳቅ።