ያልተነሳው ስልክ

ጥር 6

ዛሬም ሃያ ሁለት ማመልከቻ ላክሁ። አሥራ አንዱ የ«ሀ»፣ አሥራ አንዱ የ«ለ»። ትምህርታቸው አንድ፣ ልምዳቸው አንድ፣ ዕድሜያቸውም ያው። ልዩነቱ አንድ መስመር ነው። «ለ» መጨረሻ ላይ «የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው» ይላል። ከዚያ ቀጣሪዎቹ ለማን እንደሚደውሉ እንጠብቃለን። ጥናቱ ይኼው ነው።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት አሮጌ ስልክ አለ፤ የደዋዩን ቁጥር እንኳ የማያሳዩ። የግራው የ«ሀ»፣ የቀኙ የ«ለ»። ሲደወል «እህቱ ነኝ፣ ለጊዜው የለም፣ መልእክት ልቀበል» እላለሁ። በማግስቱ መልሼ ደውዬ «ወንድሜ ሌላ ቦታ ተቀጠረ፣ እናመሰግናለን»። ቁጥሩን የሚደምረው ባልደረባዬ (ቆጣሪው ነው የምለው) «የሁሉ እህት» ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ዛሬ አራት ወንድሞቼ ሥራ አገኙ። አንዳቸውም በሕይወት የሉም... ማለቴ አልተወለዱም።

ቤት ስገባ እማዬ ጓዳ ሆና የሆነ ነገር አለችኝ። «እሺ» አልኳት። ምን እንዳለች እንጃ።

ጥር 17

«ሀ» ሰባት ጊዜ። «ለ» አንዴ፣ እሱንም ያነሳሁት ስልኩ ላይ እጄን አሳርፌ ስለነበር ነው መሰለኝ።

የደወለችው የልብስ ማጠቢያ ቤት ያላት ሴት ናት። «በራችን ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ሳንቃ እናነጥፍለታለን። ብቻ ይምጣ፣ እንነጋገር።» ነገ ደውዬ ሌላ ሥራ አግኝቷል ልላት ነው። ምንም አልተሰማኝም። ሊሰማኝ ይገባ ነበር?

ጥር 18

ነገርኳት። «እሰይ፣ እንኳን ቀናው! ሳንቃውን ግን አሠርቼው ነበር» አለች።

ጥር 19

የጆሮ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ለሁለተኛ ጊዜ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብቶኝ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረገ፤ ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ አለኝ። ተጫንኩ። ያልሰማሁትንም በግምት ተጫንኩ። በመስታወቱ አየኝና በሩን ከፍቶ ገባ። «የኔ እህት፣ ፈተና እኮ አይደለም። መኮረጅ አያስፈልግም።»

ውጤቱ፦ ወፍራም ድምፅ አለ፤ ቀጭኑ ሄዷል። ይመለሳል? አይመለስም። ይብሳል? ቀስ እያለ።

«መሥሪያ ቤትሽ ያውቃል?» አለኝ።

«የምሠራው አካል ጉዳተኞች እንዴት ሥራ እንደሚያገኙ የሚያጠና ቢሮ ነው።»

«እንግዲያማ ምን ችግር አለ!»

ሳቅሁ። የሳቅሁ ይመስለኛል።

ጥር 20

ለማንም አልተናገርኩም።

የካቲት 3

ስብሰባ። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተሯ እስካሁን የተገኘውን ሰሌዳው ላይ ጻፈችው። «ሀ» ስድሳ አንድ ጥሪ። «ለ» ዘጠኝ። ጠመኔውን አስቀምጣ እጇን አራገፈች። «ከፈራነው የባሰ ነው» አለች። ሃያ ዓመት ለፍታበታለች። አሁን እምቢ የማይባል ቁጥር አገኘች። አዘነችም፣ ደስም አላት... ሁለቱንም ፊቷ ላይ አየሁ። የሰው ፊት ማንበብ ለምዶብኛል፣ አማራጭ ስለሌለኝ።

ቆጣሪው ብቻ ጭንቅላቱን አከከ። «ልዩነቱ ትንሽ በዛብኝ።»

የካቲት 9

ቆጣሪው ወረቀት ማያያዣ ሊዋስ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ቀና አልኩ።

«ስልኩ እኮ ይጮኻል! አታነሺውም እንዴ?»

የትኛው? ዓይኑ ወደ ቀኝ ነው። አነሳሁት። ተዘግቷል።

«ሥራ ይዤ ነው፤ መልሰው ይደውላሉ» አልኩ። ትንሽ አየኝና ሄደ። ማያያዣውን ረስቶት ሄደ።

በሩን ዘግቼ በ«ሀ» ስልክ ወደ «ለ» ደወልኩ። እያየሁት ተቀመጥኩ። ምንም። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ የሆነ ቀጭን ነገር ሲል ተሰማኝ። የ«ሀ» ደወል ወፍራም ነው። የዚህኛው ቀጭን።

ከመቼ ጀምሮ? ስንት ሰው?

የካቲት 10

ፈቃድ ወስጄ ስልክ ድርጅት ሄድኩ። ወደ «ለ» ቁጥር የተደወሉ ጥሪዎች ዝርዝር ይታተምልኝ አልኩ፤ የቢሮውን የውክልና ወረቀት ይዣለሁ። ጸሐፊው ከመስታወት ጀርባ ያወራል፣ መዝገብ ላይ አቀርቅሮ። ሁለት ጊዜ «አቤት?» አልኩ። በሦስተኛው «ይቅርታ፣ አልሰማም» አልኩት። ምንም ሳይመስለው ወረቀት አወጣና «ከመቼ እስከ መቼ?» ብሎ ጻፈልኝ። በቃ። ይኸን ነበር ያን ያህል የፈራሁት?

ሁለት ገጽ ሆነ። ሳይነሱ የቀሩ ጥሪዎች፣ ሃያ ስድስት። የደወሉት ድርጅቶች ሲቆጠሩ አሥራ ሰባት። አንደኛው ሦስት ቀን ተከታትሎ ደውሏል።

የካቲት 12

ሪፖርቱ ሐሙስ ይወጣል። ዝም ብልስ? ቁጥሩ በከፋ መጠን የሚሰማን ይበዛል፣ ሕግ የሚያወጡትም ይደነግጣሉ። ለጥሩ ነገር ነው አልኩ ለራሴ።

ግን ደውለዋል እኮ። አሥራ ሰባት ሰው ያቺን መስመር አንብቦ ስልክ አንስቷል። አንድ በዊልቸር የሚሄድ ልጅ «ማንም አይደውልልህም» የሚለውን ሪፖርት አንብቦ ማመልከቻውን ቢተወውስ? የእኔን ጆሮ ነው እኮ የሚያነበው።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምሳ በላሁ። ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

የካቲት 13

እማዬ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«እንደ ሞኝ እሺ እሺ የምትዪኝ። ትናንት ጉልበቴን ቆረጠመኝ ብልሽ እሺ አልሽኝ። ዛሬ ጠዋት ቤቱ ተቃጠለ አልኩሽ። ሆን ብዬ ነው። እሺ እማዬ ብለሽ ወጣሽ።»

«ዓመት ሊሆነው ነው» አልኳት።

አልጮኸችም። አጠገቤ ተቀመጠች። አባዬም መጨረሻ ላይ እንደዚሁ ነበር አለች፤ እሷ ኩርፊያ መስሏት አራት ዓመት አኩርፋዋለች። «እንደማይሰማ አውቄ ቢሆን...» አለችና ተወችው።

የካቲት 14

ሪፖርቱ ሊታተም ሲል ዶክተሯ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድነው?»

«‹ለ› የተደወለለት ዘጠኝ ጊዜ ብቻ አይደለም። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ደግማ አነበበች። ፊቷ ቀላ።

«አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ የተሠራ ሥራ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«ማንን? እኔን? እዚህ ቤት? እዚህ ምን እንደምንሠራ ታውቂ የለ?»

«አውቃለሁ። ማመልከቻዎቹን የምጽፋቸው እኔ ነኝ። ያቺ መስመር ምን እንደምታደርግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ሰሌዳው ላይ ጽፈውልን የለ? ስድሳ አንድ ለዘጠኝ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረችና የሆነ ነገር አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለነበር አልሰማሁም። ትዝ ሲላት ዞረች።

«አሁን ውጪልኝ ነው ያልኩት። ነገ እንነጋገራለን።»

ወጣሁ። የተሰማኝ ነገር የለም። ምንም።

የካቲት 15

አላናገረችኝም።

የካቲት 24

ቆጣሪው በዘጠኙ ላይ አሥራ ሰባቱን ድርጅቶች ጨምሮ እንደገና ደመረው። ስድሳ አንድ ለሃያ ስድስት። አሁንም ከግማሽ በታች ነው። «ደግነቱ፣ የቀጣሪዎቹ ነውር አሁንም አለ። ልኩን ነው ያገኘው» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። ስልኮቹን እሱ ወስዷል። «እንግዲህ እኔ የሁሉ ወንድም ነኝ» ይላል፣ አፉን በጣም እየከፈተ፣ ለሕፃን እንደሚናገር። እንደዚያ እንዳያደርግ ልነግረው ይገባል።

ሪፖርቱ ዘገየ። የጥናቱ ገንዘብ ሰጪዎች የቁጣ ደብዳቤ ጽፈዋል። ዶክተሯ «ስህተቱ የእኔ ነው፣ ስልኩን ሳልፈትሽ ነው ያስቀመጥኩት» ብላ መለሰችላቸው። ግልባጩን አይቼዋለሁ።

የእኔ ጉዳይ ለኮሚቴ ቀርቧል። ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። ስምንት ሰዓት ባዶ ጠረጴዛ ማየትም ሥራ ነው ለካ።

መጋቢት 2

ዶክተሯ ጠራችኝ። ብርሃን ወዳለበት ወንበሯን አዙራ፣ አፏን እንዳይ አድርጋ ተቀመጠች። ማን ነገራት? አጥንታ ነው እንጂ።

«ኮሚቴው ለዚህ ሥራ ትመጥናለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «ለስልኩ አትመጥንም አልኩ። እውነት ነው። ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅስ ሲሉኝ፣ አላውቅም፣ እንሞክረው አልኩ።»

«ካልቻልኩስ?»

«ካልቻልሽ አልቻልሽም። ውልሽ ጥናቱ እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ቃል አልገባልሽም።» መነጽሯን አወለቀች። «ተቀይሜሻለሁ፣ እሱን ልደብቅሽ አልችልም። በራሴም ተቀይሜያለሁ። እዚሁ ሁለት በር አልፎ ተቀምጠሽ...»

«እሺ» አልኩ። ይህኛውን ሰምቼ ነው።

መጋቢት 9

የመስሚያ መሣሪያ ተደረገልኝ። የወረቀት ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስጠላ ረስቼው ኖሯል።

መጋቢት 15

የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ። የእንጨት ሥራ ቤት። አናጢው ከልጅነቱ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው፤ ዕድሜው ሃምሳ ይሆናል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ ቀረች፣ ልጇ ታሞባት። ልመለስ ስል እጁን አወዛወዘና እርሳስ ከጆሮው ላይ አውርዶ ተቀመጠ። በጽሑፍ ይሁን ማለቱ ነው።

እየጻፍኩ ጠየቅሁት፣ እየጻፈ መለሰልኝ። ጽሑፉ ከእኔ ያምራል። ጥያቄ ዘጠኝ፦ «አሁን ያሉበትን ሥራ እንዴት አገኙት?»

«ባለቤቱ አጎቴ ነበር። ባይሆን አላገኝም» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። የመስሚያ መሣሪያዬን በእርሳሱ ጫፍ አመለከተ፤ ለካ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬዋለሁ።

«አንቺስ?» ብሎ ጻፈ።

እንዲህ ያለ ነገር መጠይቁ ላይ የለም። «ደብቄ» ብዬ ጻፍኩ።

«አሁን ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ምን አሉ?»

ምን አሉ? አሰብኩ። «እንሞክረው አሉ።»

አነበበው። ቅንድቡን ሰቀለ። «ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፣ እኔን ማንም እንሞክረው ብሎኝ አያውቅም» ብሎ ጻፈ። አልከፋውም፤ ልክ ስንት ክንድ እንጨት እንደሚያስፈልግ እንደሚጽፍ ነው የጻፈው።

ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አለቀስኩ። ሁለት ወር ምንም ያልተሰማኝ ሰው። ወረቀቱ ላይ ሁሉ ነጠበ፤ የጥያቄ ስምንት መልስ ጠፋ። አናጢው አላባበለኝም። የእንጨቱን ዱቄት ከአግዳሚው ላይ በእጁ ጠርጎ ጠበቀኝ። ሳበቃ የጥያቄ ስምንትን መልስ ራሱ ደግሞ ጻፈልኝ፤ በጣቱ ጥያቄ አሥር ላይ መታ መታ አደረገ።

ቀጠልን።