ካቪታ እና የሺቫ ደጆች

ጥር 24፣ እሁድ

ከቅዳሴ እንደወጣሁ ቀጥታ ወደ ቤት። ክብረት ከኋላዬ "ሻይ ሳትጠጪ?" አለችኝ። እጄን አወዛውዤላት ሄድኩ። ካቪታ በስምንት ሰዓት ትመጣለች፣ እንዴት እቆያለሁ?

ሰፈራችን ፔንብሩክ መንገዱ ሁሉ በበረዶ መስታወት ሆኗል። እስክትደርስ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ቀስ ብላ መጣች፣ ቀስ ብላ ፓርክ አደረገች። ያን ጊዜ ምስሩን ከምድጃ አወጣሁ። ሥጋ አትበላም።

"እማዬ፣ በርበሬው ዛሬ ፈርቷል፣ አያቃጥልም" አለችኝ። እማዬ ማለትን ያስተማራት ልጄ ነው። ብሩህ... ስሙን ስጽፍ አሁንም እጄ ይቆማል።

ሊጋቡ ነበር። አምና ኅዳር ላይ ኦኮቶክስ ከሚባል ከተማ ሲመለስ በረዶው መኪናውንም እሱንም ወሰደው። ሕንድ አገር የሺቫ ታላላቅ ደጆች፣ ቤተ መቅደሶች አሉ፣ አሥራ ሁለት። ሺቫ አምላካቸው ነው። ሁለቱ ተራ በተራ ሊዞሯቸው ቃል ተግባብተው ነበር፤ እሷ ልትሳለም፣ እሱ ፎቶ ሊያነሳ። አሁን በየእሁዱ አንዱን ለእኔ ትነግረኛለች።

የዛሬው ባሕር ዳር ያለው ነው። ሶምናት ይባላል። ጨረቃ ሃያ ሰባት ሚስቶች ነበሩት አሉ። አንዷን ብቻ ስለወደደ አማቱ ረገመው፣ እየከሳ እየከሳ ሊጠፋ ሆነ። እዚያ ቦታ ሺቫን ለመነ። ሺቫም እርግማኑን ጨርሶ አላነሳለትም፤ መክሳቱ ሳይቀር እየመለሰ እንዲሞላ አደረገው።

"ለአንድ ሰው ሃያ ሰባት ምን ያደርጉለታል?" አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ደስ ይለኛል።

የካቲት 8፣ እሁድ

የዛሬው ሞኝነቴ... ቅበላ ነው፣ ነገ ሁዳዴ ይገባል ብዬ አይብ፣ ጎመን በቅቤ፣ እንቁላል፣ ያለኝን ሁሉ ደረደርኩላት። ከወር በፊት እንኳ ባይሆን ከሳምንት በፊት ያሰብኩት ነው። መጥታ ገበታውን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

"እማዬ፣ ዛሬ የሺቫ ሌሊት ነው። እጾማለሁ።"

እኔ ልገድፍ፣ እሷ ልትጾም። ሙዝ ላጥኩላት። እሷ ሙዟን፣ እኔ ብቻዬን ያን ሁሉ። እስኪያመን ሳቅን። ብሩህ ቢኖር ለሁለታችንም ይበላልን ነበር።

የካቲት 10

ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ቆማለች። ጾሟን ፈትታ የቤተ መቅደሱን በረከት አመጣችልኝ። በወተት የተሠራ ጣፋጭ። አሁን ደግሞ እኔ ጾመኛ። እስከ ፋሲካ ፍሪዘር ገባ።

የካቲት 22፣ እሁድ

ዛሬ ጥሩ አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ ያልሆነ፣ ደቡብ ያለ ደጅ ታሪክ ነገረችኝ። አንድ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ እንደሚሞት ተነግሮ ነበር። ቀኑ ሲደርስ የሺቫን ድንጋይ አቅፎ አልለቅም አለ። ሞት ገመዱን ወረወረ፣ ገመዱ ልጁንም ድንጋዩንም አንድ ላይ ያዘ። ሺቫ ተቆጥቶ ከድንጋዩ ወጣና ሞትን መታው። ልጁ ተረፈ።

ሰሃኑን አነሳሁ።

"የእኔስ?" አልኳት። "የእኔ ልጅ የመኪናውን መሪ ነው ያቀፈው።"

ኮቷን ለብሳ ስትወጣ ጫማዋን እንኳ በደንብ አላሰረችም።

የካቲት 23

በእረፍት ሰዓት ከምሠራበት መጋዘን ደወልኩላት። "የልጁን ታሪክ ለምን እንደነገርኩሽ አላውቅም" አለች። "እኔም ማታ ማታ ያንኑ ታሪክ ነው የማስበው። ለምን ለዚያኛው ልጅ ብቻ? እላለሁ።"

ለካ እኩል ተናደናል። እሁድ ነይ አልኳት።

መጋቢት 6፣ እሁድ

ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው ቀለጠ። በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

የዛሬው ታሪክ የሺቫ ሚስት የሳቲ ነው። አባቷ ባሏን በድግስ ፊት ሲያዋርድባት እሳት ውስጥ ገባች። ሺቫ ሬሳዋን ትከሻው ላይ አድርጎ ተነሳ። አላስቀምጥም አለ። ተሸክሟት በሄደበት ምድር ተናወጠች። ማንም ሊጠጋው አልቻለም። በመጨረሻ ቪሽኑ የሚባለው ሌላው አምላካቸው ከኋላው እየተከተለ ሬሳዋን እየቆረጠ ጣለ። የወደቀችበት ቦታ ሁሉ ደጅ ሆነ። በእያንዳንዱም ሺቫ አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል።

"ሲቆረጥበት አላወቀም?"

"አላወቀም። ትከሻው ሲቀልለው ነው ያወቀው።"

ይሄማ ስርቆት ነው አልኳት። ሰው ሐዘኑን ከጀርባው ይሰረቃል? ትከሻዋን ነቀነቀች። ደግ ነገር አድርገውለት ነው ይላሉ አለች። እንጃ...

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

የካቪታ እናት ወይዘሮ ሳሮጅ መጡ። ብቻቸውን ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው። በቆርቆሮ ሳጥን ምስር ጥብስ ይዘዋል። ቅቤ የለበትም አሉ፤ ጾሜን ልጃቸው ነግራቸዋለች።

ኤድመንተን የሚኖር ልጅ ካቪታን ለትዳር ሊያያት ይፈልጋል አሉኝ። ጥሩ ቤተሰብ ነው። እሷ እሺም እምቢም አትልም።

"እሁድ እርስዎ ጋ ትመጣለች። ሰኞ ታለቅሳለች። ሳምንቱን እሁድን ትጠብቃለች" አሉኝ። "እህቴ፣ ስለ ልጅዎ እኔም አልቅሻለሁ። የእኔዋ ግን በሕይወት አለች።"

እውነታቸውን ነው።

"ስትደውል አያንሱ። እሁድ የሥራ ሺፍት ሰጡኝ ይበሏት። ቀስ በቀስ ትተወዋለች።"

"ሳታውቅ?"

"ሳታውቅ ነው የማያማት።"

ከሄዱ በኋላ ምስሩን ገልብጬ ሳጥኑን አጠብኩ። እሷ ከቀረች ስለ ብሩህ የሚያወራኝ ማነው? ሌላው ሰው ሁሉ ስሙ ሲነሳ ወሬ ይለውጥብኛል።

መጋቢት 13፣ እሁድ

ደወለች። አላነሳሁም። ደግማ ደወለች። ስልኩን ትራስ ስር ከተትኩት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። "እማዬ፣ ታመምሽ?" ሾርባ ይዛለች። ትንፋሿ ተቆራርጧል።

ሾርባውን ጠጣሁ። ሌላ ምን ላደርግ?

መጋቢት 20፣ እሁድ

ነገርኳት። ፊት ለፊት።

"እናትሽ መጥተው ነበር።"

"አውቃለሁ። ሳጥኗን ባለፈው እቃ ማድረቂያሽ ላይ አይቼዋለሁ። ምን አለችሽ?"

"እንድሸሽሽ።"

"ትሸሺኛለሽ?"

"ሞከርኩ። ሾርባ ይዘሽ መጣሽ።"

ሳቅ ሲመጣላት እንባም አብሮ መጣ። እጇን ያዝኩና ያሰብኩትን ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ብሩህን እየጠበቅሽ ከሆነ እዚህ አይመጣም አልኳት። እኔም በየእሁዱ መስኮቱ ጋ የምቆመው እሱ አብሮሽ የሚመጣ እየመሰለኝ ነው። ለእሱ ብለሽ አትምጪ። ለእኔም አዝነሽ አትምጪ።

"ለምስሩስ?"

"ለምስሩ ከሆነ ነይ። ያን ልጅ ግን እዪው።"

መጀመሪያ ኬዳርናት ልሂድ አለች። በረዶ ተራራ ላይ ያለው ደጅ ነው። ከብሩህ ጋር ከሁሉ አስቀድመው ሊሄዱበት የነበረው። ጸሎት ላስደርግለት፣ የጸሎት ስሙን ስጪኝ አለችኝ።

የክርስትና ስሙ የቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ አልሰጠኋትም። የነፍስ አባቴስ ቢሰሙ ምን ይሉኝ ይሆን? ግን እሷ የምታውቀው፣ የምትወደው ስም አለ። "ብሩህ ብለሽ ጥሪው" አልኳት። "አንቺ ስትጠሪው እንደነበረው።"

ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ

ጣፋጩን ከፍሪዘር አውጥተን በላን። በረዶ በረዶ ይላል። ጨረስነው።

ሚያዝያ 26

ኤርፖርት ሸኘኋት። ወይዘሮ ሳሮጅ ጎኔ ቆመዋል።

"ነገሯት አይደል?" አሉኝ።

"ነገርኳት።"

"እኔ አልችልም ነበር" አሉ። ወደ መኪና ስንሄድ ክንዴን ይዘውኝ ነበር። ጉልበታቸው ያማቸዋል... ወይም ለእኔ ብለው ይሆናል።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ደወለች። ከኬዳርናት ወርዳለች። ድምፁ ይቆራረጣል።

በቅሎ አልፈልግም ብላ በእግሯ ወጣች። ልጅ ሆኜ ግሸን ማርያም ስንወጣ እናቴም እንዲሁ በቅሎ እምቢ ብላ ነበር አልኳት። የቦታውንም ታሪክ ነገረችኝ። አምስት ወንድማማቾች በጦርነት ዘመዶቻቸውን ገድለው ሺቫን ይቅርታ ሊለምኑ ፈለጉት። እሱ ሊያያቸው አልፈለገም፣ በሬ ሆኖ ሸሸ። ሲይዙት መሬት ውስጥ ገባ። ከላይ የቀረው ሻኛው ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ የሚሳለሙት ድንጋይ ያው ሻኛ ነው።

ካህኑ ለማን ልጸልይ ሲላት ስሙን ሰጠች። ምንሽ ነው? አላት።

"ባሌ ነው አልኩት። ዋሸሁ እማዬ?"

"አልዋሸሽም።"

ከዚያ ስመለስ ያን ልጅ አየዋለሁ አለች። "ባልወደውስ?"

"ለእናትሽ እኔ እነግርልሻለሁ።"

እዚያ ቤተ መቅደስ ውስጥ ስላለው መብራትም ነገረችኝ። እጄ ደከመ፣ ነገ እጽፈዋለሁ።

ግንቦት 9፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ እግሬ ወደ መኪናው አልቸኮለም። አዳራሽ ገባሁ። ክብረት አየችኝና ወንበር ሳበችልኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ሴቶቹ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። እኔም የማወራው ነበረኝ።

በረዶ ላይ ያለ ቤተ መቅደስ አለ አልኳቸው። የብርዱ ወራት ሲመጣ ሰው መኖር አይችልም። መብራት አብርተው በሩን ይዘጉና ሁሉም ወደ ታች መንደር ይወርዳሉ። ስድስት ወር ማንም የለም። በጸደይ ወጥተው ሲከፍቱት መብራቱ እንደበራ ያገኙታል ይላሉ።

"ዘይቱን ማን ይጨምራል?" አለች ክብረት።

"ማንም።"

"ታምኛለሽ?"

"እንጃ። እኔ አላየሁም። እዚያ የወጣችው ናት የነገረችኝ።"

"ማናት?"

"ልጄ ናት" አልኩ።

ክብረት አንድ ወንድ ልጅ ብቻ እንደነበረኝ ታውቃለች። ቀብሩ ላይ የደገፈችኝ እሷ ናት። ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

"በይ ከመጀመሪያው ንገሪን" አለች።