ውል ያልጻፍኩለት ተከራይ

ልጄ ዳግማዊት፣ እመብርሃን በሰው አገር ጥላ ትሁንሽ። ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ፤ የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ግን አሁንም ያለ ምርኩዝ እወጣለሁ።

የኪራይ ግብሩ ነገር አልቋልና እፎይ በይ። ከተከራይ ጋር ውል መጻፍ ሰውን መጠርጠር ነው እያልኩ ስላልጻፍኩ፣ ተከራዬ መምህር መርሻ በጦርነቱ ደመወዝ ተቋርጦበት በነጻ የኖረበትንም ጊዜ ግብር ቢሮዎቹ ኪራይ እንደበላሁ ቆጠሩብኝ። ቤቴን ሊሸጡብኝ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልደብቅሽም። መርሻ ይህን ሲሰማ ሳልጠራው ቢሮ ሄደ። «አቦይ ልዑልሰገድ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ሳንቲም አልተቀበሉኝም» ብሎ ፈረመ፤ የዚያ ጊዜ ግብር ተሰረዘልኝ። አሁን ውሉን እሱ እየሳቀ ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

የቀረውን ግብር ራሴ እከፍላለሁ፤ ብር እንዳትልኪ። ለመርሻ ብቻ ደውለሽ አመስግኚልኝ፤ እኔ ፊቱ ስቆም አፌ ይያዛል።

እንደ እሱ ያለ ጎረቤት ይስጥሽ።

አባትሽ