ይግረማቸው ደህና ነው

ወረታ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የሰው አገር መስታወት እያበራሽ የእኛን ቤት ላጨለምሽው ለእታለሜ ለነፃነት፤

ጤናሽን ከጠጉርሽ ጀምሬ ወደ ታች ልጠይቅሽ ነበር፤ እግርሽ ጋ ሳልደርስ ወረቀቱ እንዳያልቅብኝ ሰጋሁ። በጅምላ እንዴት ነሽ?

እኔና አያታችን አባባ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሩዙ ታጭዷል። ይግረማቸውም ደህና ነው። ይችን የመጨረሻዋን ያስጻፉኝ አባባ ናቸው። እስክሪብቶ ሳነሳ እጄን ጥብቅ አርገው ያዙና፣ «ደብሬ፣ ያችን ቃል እንዳትጽፊ። ልጅቱ በሰው ቤት ብቻዋን ናት። ማን ያባብላታል?» አሉኝ። በእናታችን አጥንት አስማሉኝ። ስለዚህ ያችን ቃል አልጽፍም። ሌላውን ግን እጽፋለሁ፤ በሌላው አልማልሁም።

በስልክ እንዳልነግርሽ እሳቸው አጠገቤ ናቸው፣ ማዳምሽም አጠገብሽ ናት። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ቤይሩት ለሥራ የምትመጣው የሐሙሲቷ ሰገን ናት። ልክፈተው ብትል እንዳይሆንላት በሩዝ ሙቅ አጣብቀዋለሁ፤ አንችም በቢላ ነው የምትከፍችው።

ነገሩ የጀመረው ከአፍንጫ ነው። መስከረም ላይ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ የይግረማቸው አፍንጫ ይደማ ጀመር። አባባ በጣታቸው ዳስሰው «አልቅት ነው» አሉ። አንለይም በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «አልቅት ነው» አለ። አንችም ብትኖሪ አልቅት ነው ትይ ነበር፤ እዚህ ሜዳ ላይ አፍንጫው ደምቶ አልቅት ያልተባለ ፍጥረት የለም። አባባና ጎረቤታችን አንለይ በአንድ ነገር ሲስማሙ ከድንበሩ ጠብ ወዲህ ይህ መጀመሪያቸው ነው። አንለይ ድንበሩን በአንድ ትልም የገፋብን ጊዜ አይደል፣ አንች ከጎርፍ ያወጣሽውን ቡችላ አባባ «ይግረማቸው» ያሉት? ማታ ማታ ወደ አጥሩ ዞረው «ና ይግረማቸው! ይግረማቸው!» እያሉ ሲጣሩ የአንለይ እራት ጉሮሮው ላይ ይቆም ነበር።

«ውሃ ከልክይው። ሲጠማው ሳህኑን አፍንጫው ሥር ያዥለት፤ አልቅቱ ውሃ ሲሸተው ራሱ ይወጣል» አሉኝ። ከለከልሁት። ሳህኑን አፍንጫው ሥር ስይዝለት ምራቁ እየወረደ ዓይን ዓይኔን ያየኛል፤ «ቀልድሽን ጨርሽና እጠጣለሁ» የሚል ነው የሚመስል። አልቅት የለም። አንለይ የትንባሆ ውሃ በጥብጦ አመጣ። አፍንጫው ውስጥ ጠብ ስናደርግለት እሱም አነጠሰ፣ አንለይም አነጠሰ፣ እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ደሙ ግን ባሰበት።

ከዚያ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልወስደው ቆርጬ በአባባ ጋቢ ከራሱ እስከ ጅራቱ ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ጫንሁት።

«ማናቸው?» አለኝ ባለባጃጁ።

«አያቴ ናቸው። ብርድ መቷቸው ነው።»

«እግዜር ይማርዎ አባቴ!»

አያቴ በጅራታቸው አመሰገኑ። ሰውየው መንገድ ላይ ጥሎን ሄደ። ስንመለስ እኔ እየሳቅሁ እሱ ጋቢውን እየጎተተ ነበር። ደጃፍ ላይ ስንደርስ ጋቢውን አየሁት፤ በደም ርሷል። ሳቄ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ወደ ከብት ሐኪሙ ወሰድሁት። ዶክተር ሀይለየሱስ ይባላል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ላምና በሬ የያዘው ሰው ሁሉ «ለውሻ ደግሞ ተራ ይያዛል?» እያለ ሳቀብን። እኔም «ይግረማቸው እኮ የበሬ የክርስትና ልጅ ነው» አልኋቸው። ዶክተሩ ግን በባትሪ ረጅም ጊዜ አየው።

«አልቅት አይደለም። እባጭ ነው፣ ነቀርሳ። ውሻና ውሻ ሲሸታተት የሚጋባው ዓይነት።»

«አይድንማ?»

«ይድናላ! በየሳምንቱ መርፌ ቢወጋ ይድናል።» ይህን ያለኝ ግን መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነው። «እኛ ያለን የበሬና የበግ መድኃኒት ነው። ይህኛው ሰው ለካንሰር የሚወጋው ነው። ባሕር ዳር ካልተገኘ የለም።»

የመርፌውን ዋጋ ነገረኝ። «ዶክተር፣ አንዱን መርፌ ነው የምትለኝ ወይስ ከነፋብሪካው?» አልሁት። አልሳቀም።

አባባን ስነግራቸው «ከጎተራው የቀረውን ሩዝ ሽጭ» አሉኝ።

«አባባ፣ ለውሻ ሩዝ ሸጡ ተብሎ አገር ይስቅብዎታል።»

«ይሳቅ። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ የሚያደርሰኝ አገሩ ነው? እሱ ነው።»

እውነት ነው። አንች ከሄድሽ በኋላ እኮ አንገቱ ላይ ቃጭል አሰርንለት። እሱ ፊት ፊት እያቃጨለ፣ እሳቸው በዘንጋቸው ከኋላ። ጉድጓድ ሲኖር ይቆማል፤ ቃጭሉ ዝም ሲል አባባም ይቆማሉ። ቅዳሴ እስኪያልቅ ከቅጥሩ ውጭ ተኝቶ ይጠብቃቸዋል፤ ከምእመኑ ግማሹ እንደሱ አይታገስም።

ሩዙን ሸጥሁ። ማዘዣው ላይ ዶክተሩ «ለውሻ» ብሎ ነበር። መኪና ውስጥ ጣቴን በምራቅ እያራስሁ ያችን ጽሑፍ አሸት አሸት አድርጌ አጠፋኋት። በቦታዋ በጥሩ ጽሕፈት «ይግረማቸው ገብረማርያም፣ ዘጠኝ ዓመት» ብዬ ጻፍሁ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ መማሬ ለካ ለዚህ ኖሯል።

ባሕር ዳር አንድ ትልቅ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ሻጭዋ ወረቀቱን አይታ፣ ገንዘቤን ቆጥራ፣ «ዋጋው ጨምሯል እኮ፣ ይህ ለአንዱም አይሞላም» አለችኝ። ቀና ብላ ደግሞ «ምንሽ ነው?»

«አብሮ አደጌ።»

«ዘጠኝ ዓመቱ ነው?»

ይችን ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሰማ። አንዱ «እግዚኦ፣ በዘጠኝ ዓመቱ!» አለ። ከዚያ የአገራችንን ሰው ታውቂው የለ፤ ማንም ሳይለምነው የነጠላው ጫፍ ይፈታ፣ ኪሱ ይዳበስ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አዞሩ። «ወንድሟ ነው፣ ካንሰር ነው» እየተባባለ ባርኔጣው እየሞላ ወደኔ መጣ። የአንለይን አውራ ዶሮ ቀለም ቀብቼ ለራሱ ለአንለይ የሸጥሁት እኔ ደብሬ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። በልቤ «ተሳካ!» አልሁ።

ከጎኔ ይርገዱ የምትባል ሴት ተቀምጣለች። መባ የምትባል ልጇ ጭንቅላቷ ላይ የሹራብ ቆብ አድርጋለች፤ ከሥሩ ጠጉር የለም። መባ ቀሚሴን ሳብ አደረገችኝ።

«የወንድምሽ ጠጉር አልቋል?»

«ኧረ ምን አልቆ! መላ አካላቱ ጠጉር ነው» አልኋት።

ሳቀች። «መርፌውን ሲጀምር ያልቃል። አይዞህ በይው፤ መልሶ ይበቅላል ብለውኛል።»

እናቷ ቋጠሮዋን ፈትታ ያላትን ባርኔጣው ውስጥ ጣለችው። መልሳ ስትቋጥር አየኋት፤ የቋጠረችው ባዶውን ጨርቅ ነው።

እታለሜ፣ በዕድሜዬ ቀልድ ጀምሬ መሃል ላይ ትቼ አላውቅም። ያን ቀን ተውሁ።

«እትየ፣ ውሻ ነው» አልኋት።

«ምኑ?»

«ይግረማቸው። ውሻ ነው። አያቴ አያዩም፤ የሚመራቸው እሱ ነው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከእጄ መንጭቀው «በሰው እንባ ትቀልጃለሽ? ባለጌ!» አሉኝ። ሻጭዋ ማዘዣዬን በመስኮቱ ገፋ አደረገችልኝ። «የቀረችው ጥቂት ናት፣ ለሰውም አልበቃች። ይቅርታ እህቴ።» ልክ ናት። ማዘዣዬን አንስቼ ዞርሁ።

ይርገዱ ግን ሳቀች። «እኔ እኮ ለይግረማቸው ሻማ ልሳልለት ነበር!» አለችና ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ሲዞር ዓይኗን በዚያው በባዶው ቋጠሮ ጠረገች። «ሂጂ፣ አያትሽ ደጅ ደጅ እንዳያዩ።» በሩ ላይ ስደርስ መባ ከኋላዬ ጮኸች፤ «ውሻም ቢሆን አይዞህ በይው!»

ነገርሁት። በጆሮው ነው የነገርሁት።

አባባ ሁሉን ሰምተው «ልጅቱ ማን ትባላለች?» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጸሎታቸው ከአንች ስም ቀጥሎ መባ ትጠራለች።

በሩዙ ገንዘብ ማስታገሻ ገዛንለት። ኪኒኑን በቅቤ ለውሼ ሳጎርሰው የማዳምሽ ድመት ትዝ አለችኝ። በታክሲ ሐኪም ዘንድ የምትወስጃት፣ መድኃኒቷ ካንች ደሞዝ የሚበልጠው። አንች ጥርስሽን ሲያምሽ በጨው ተጉመጥመጭ የተባልሽበት ቤት። በድምፅ የላክሽልን ጊዜ አባባና እኔ ስቀን ስቀን፣ «ድመት ናት ወይስ የንጉሥ ልጅ?» ብለን ነበር። አሁን ሳስበው አያስቅም። ድመቷን ግን እንዳትጠያት አደራ፤ እሷ ምን አጠፋች? መድኃኒቷን በሰዓቱ ስጫት። የሚያገኝ ያግኝ።

ኅዳር ሲገባ እህልም ውሃም እምቢ አለ። ሌሊት ሲተነፍስ ድምፁ እንደ መጋዝ ነበር። ዶክተር ሀይለየሱስ ማንም ሳይጠራው እቤት መጣ። «አባቴ፣ የሚያድነውን መርፌ አላገኘንም። የሚያሳርፈው ግን አለኝ» አላቸው።

«ይህኛው አይወደድም?» አሉ አባባ።

«አይወደድም።»

«ይገርማል» አሉ። ቁጭ ብለው ራሱን ጭናቸው ላይ አስተኙት። ቃጭሉን ከአንገቱ የፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ ቋጠሮው ጠብቆ ኖሮ ብዙ ቆዩበት። ማናችንም አላገዝናቸው። ከዚያ እጃቸውን ጆሮው ላይ አድርገው «በል እሺ» አሉት፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጥለውት ሲገቡ እንደሚሉት።

አንለይ አካፋ ይዞ መጣ። ሄዶ ያ በገፋው ትልም ላይ፣ ድንበሩ ላይ ቆፈረ። ሲጨርስ ለአባባ «ጋሼ፣ ድንበሩ እንግዲህ እዚህ ነው» አላቸው። አባባም «ይሁን» አሉት።

አሁን አባባን የምመራቸው እኔ ነኝ። እንዳይከፋቸው ብዬ ለቀልድ ቃጭሉን ወገቤ ላይ አሰርሁት። ሰፈሩ ሲያየኝ ይንከተከታል፤ እኔም እዘላለሁ። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ፈጠንሁባቸው መሰለኝ፣ «ቀስ በል፣ ይግረማቸው» አሉ። ረስተው ይሁን አውቀው እንጃ። ጮህሁላቸው፣ «ው!» ብዬ። ሳቁ። ከዚያ ዘንጋቸውን ተደግፈው መንገዱ መሃል ቆሙ፤ እኔም ዞሬ አላየኋቸውም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ደወልሽ። እንደልማድሽ «ይግረማቸውን አስጩሁልኝ» አልሽ። አባባ ስልኩን እንደያዙ ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። አንች የሰማሽው… ብቻ «ድምፁ ጎርንኗል፣ ብርድ መታው እንዴ?» ብለሽ ስትስቂ አባባ ደስ ብሏቸው አደሩ። «አላወቀችም» አሉኝ።

አሁን «ምን ምን ጻፍሽ?» ይሉኛል። «ሩዙ ታጭዷል፣ አንለይ ሰላም ብሎሻል፣ ይግረማቸው ደህና ነው» ብዬ አነበብሁላቸው። «ደግ፤ በዚሁ ዝጊው» አሉኝ።

ምርቃታቸው ይኸው፦ የሰው እጅ አይክበድሽ፣ የሰው ደጅ አይጥበብሽ፣ እግርሽ የሄደበትን መንገድ ለመመለሻም ይወቀው። የኔ ምርቃት ደግሞ፦ ማዳምሽን ድመቷ ትቧጭርልሽ።

አደራ አንድ ነገር። እሁድ ስትደውይ እንዳታለቅሽ፣ ምንም እንዳልሰማሽ ሁኝ። እንደልማድሽ «አስጩሁልኝ» በይ። ይጮህልሻል። ቃጭሉም ይሰማሻል።

ያችን ቃል አልጻፍሁም። ፈልጊ፣ የትም የለችም።

ታናሽሽ
ደብሬ