አሥራ አራቱን በር ያንኳኩት አባታችን

አባታችን ከመንገድ ቀያሽ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ሰባ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ተወለዱ። አራቱን ወር የጨመርኩት እሳቸው ቢሰሙ «ቁጥር ከተጻፈ እስከ መጨረሻው ይጻፍ» ስለሚሉ ነው። ይህን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ። የተመረጥኩትም ጽሑፍ ስለምችል ሳይሆን ታላላቆቼ እንባቸውን ገትተው ብዕር መያዝ ስላቃታቸው ነው።

ወላጆቻቸውን በዘጠኝ ዓመታቸው አከታትለው ስላጡ፣ ያሳደጓቸው ልብስ ሰፊ የነበሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። አባታችን እስከ መጨረሻው «እትዬ» ሲሏቸው ኖረዋል፤ እኛም አክስታችንን ከእሳቸው ሰምተን «እትዬ» እንላቸው ነበር። አባታችን በልጅነታቸው እጅግ ዐይን አፋር ነበሩ። የተሰፋ ልብስ ለደንበኛ እንዲያደርሱ ሲላኩ በር ማንኳኳት ያፍሩና፣ ከውስጥ ሰው እስኪወጣ ድረስ ልብሱን እንደታቀፉ ደጃፍ ላይ ይቆሙ ነበር። እትዬ «የኔ ልጅ ሰው ደጅ ላይ ነው ጢም የሚያወጣው» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ፣ በጽሕፈት ሥራና በቢሮ አያያዝ የሁለት ዓመት ሥልጠና ወስደው በማዕረግ ተመረቁ። በሃያ ሦስት ዓመታቸው በሕግ አውጪው ምክር ቤት በጀማሪ ጸሐፊነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ቀን የለበሱት ግራጫ ሙሉ ልብስ የእትዬ እጅ ሥራ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ለእርሳስ ብቻ የተሰፋች ጠባብ ኪስ ነበረችው። ከአራት ዓመት በኋላ የጤና ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ አባላቱ ሆስፒታል ሲጎበኙ አብሮ መሄድና የታየውን በሪፖርት ማስፈር ነበር።

ከእናታችን ጋር የተዋወቁት እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ እናታችን በታይፕ ክፍል ሲሠሩ ነው። በቃል መጠየቅ ስላልደፈሩ የጋብቻ ጥያቄያቸውን ከሚተየቡት ረቂቆች መካከል ሸጉጠው ላኩ። ወረቀቱ «አጀንዳ አንድ፦ ጋብቻ። አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ይል ነበር። እናታችን አራት የፊደል ግድፈት አርመው፣ ግርጌው ላይ «ከነማሻሻያው ጸድቋል» ብለው መለሱላቸው። ወረቀቱ ዛሬም በቤታችን አለ፤ እናታችን አርባ አራት ዓመት ሙሉ ልዩ ልዩ ጉዳዮች ምን እንደነበሩ ጠይቀው መልስ አላገኙም።

ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ቤታችን እንደ ኮሚቴው በሥርዓት ነበር የሚመራው። ብርጭቆ ከተሰበረ ሁላችንም ቃላችንን እንሰጣለን፣ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ እንፈርማለን። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት እኛው የተወለድነው ፊት መናገር ይወዱ ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን «ታዲያ እኛ ምን አደረግን?» ብሎ አኩርፎ ራት ሳይበላ ተኝቷል፤ እሱም ተመዝግቧል።

አሁን ወደማይቀረው ልምጣ። አባታችን በጤና ሳሉ «ስሞት ጥሩ ጥሩውን ብቻ ብትጽፊ ተነስቼ አርማለሁ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ስሕተታቸውን እጽፋለሁ።

አርባ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ኮሚቴው ይህችን ከተማ የሚያገለግለውን የመንግሥት ሆስፒታል ጎበኘ። ጊዜ ስለጠበበ አባላቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሲሄዱ፣ ሰብሳቢው አባታችንን «አንተ ሐኪሞቹን ቆጥረህ ድረስብን» አሏቸው። በረጅሙ ኮሪደር ላይ በየበሩ የሐኪም ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ነበር። በሮቹ ተዘግተዋል፤ አግዳሚው ወንበር በታማሚ ተጨናንቋል። አባታችን ውስጥ ታማሚ እየታየ ይሆናል ብለው ማንኳኳት አፈሩ። ሰሌዳዎቹን ቆጠሩና አሥራ አራት ብለው ጻፉ።

በሆስፒታሉ የነበሩት ሐኪሞች ግን አምስት ነበሩ። የሆስፒታሉ ኃላፊዎች ሐኪም ሲለቅ ሰሌዳው ከተነቀለ «መደቡ ይታጠፍብናል» ብለው ስለሚሰጉ፣ የሄዱትን ስም በሩ ላይ ትተው ተተኪ ይጠብቁ ነበር። ማታለል አልነበረም፤ ተስፋ ነበር። በዚያ ዓመት አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ሲደለደሉ ግን የኮሚቴው ሪፖርት ታየ፣ «እጥረት የለበትም» ተባለ፣ ለሆስፒታሉ አንድም ሰው ሳይመደብ ቀረ።

ዓመት ሳይሞላ እትዬ ስፌት ላይ እንዳሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። አባታችን ተሸክመው ያደረሷቸው እዚያው ኮሪደር ነበር። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በዚያ አግዳሚ ላይ ጠበቁ። ነርሷን የትኛው ክፍል እንግባ ቢሏት «አባቴ፣ ክፍልማ ሞልቶናል፤ የጠፋው ሐኪም ነው» አለቻቸው። አባታችን ያን ጊዜ ተነስተው ፊት ለፊታቸው ያለውን በር ከፈቱ። ውስጡ መወልወያና ባልዲ ነበር። ቀጣዩን ከፈቱ፤ የተሰበሩ ወንበሮች ተደራርበውበታል። ሦስተኛውን ሳይከፍቱ ወደ እትዬ እንደተመለሱ ነግረውኛል።

እትዬ ተረፉ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ዳግመኛ መርፌ አልያዘም። ቶሎ ቢታዩ ኖሮ ይድን ነበር ወይ የሚለውን ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። አባታችን ግን ለራሳቸው ፈርደው ነበር። ጥፋታቸውን ለእትዬ ሲናዘዙ፣ እትዬ «አንተ ከቆጠርክማ ልክ ነው፤ የጎደሉት እኔን ሲያዩ በመስኮት ዘለው ነው» ብለው ሳቁ። አባታችን አልሳቁም። ያቺን ግራጫ ኮት ከዚያ ቀን በኋላ ሲለብሷት አላየንም።

ሪፖርቱን ለማረም ቢነሱ በሩ ሁሉ ዝግ ሆነባቸው። የጸደቀ ሪፖርት የሚከፈተው በአባል ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊ ድምፅ የለውም። ለሁለት ተከታታይ ሰብሳቢዎች ማመልከቻ ጻፉ። አንደኛው «አሁን ምን ለውጥ ያመጣል?» አሉ፤ ሁለተኛው ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በየዓመቱ ድልድል ሲመጣ ያ አሥራ አራት ቁጥር እየተጠቀሰ ሆስፒታሉ ይታለፍ ነበር። ሦስተኛዋ ሰብሳቢ በቀድሞ ሥራቸው አዋላጅ ነርስ ነበሩ። አባታችን ለእሳቸው ማመልከቻውን ጽፈው ገና በኪሳቸው ሳለ፣ የጤና ቢሮው ኃላፊ ስለ ሐኪም እጥረት ሊጠየቁ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። የዚሁ ሆስፒታል ጉዳይ ሲነሳባቸው «የራሳችሁ ሪፖርት አሥራ አራት ሐኪም አለው ይላል፤ እኛን ከመጠየቅ እሱን ማንበብ ይሻላል» ብለው መለሱ።

ሰብሳቢዋ ገጹን እንዲፈልጉላቸው ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ። በዚያ አዳራሽ ሃያ ሦስት ዓመት ከማንበብ በቀር አንድ ቃል ተናግረው የማያውቁት አባታችን ቆሙ።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ገጽ አሥራ ሰባት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቆጠርኩት ሰው ሳይሆን በር ነበር።»

ኃላፊው ተቆጡ። ጸሐፊ የመናገር ሥልጣን እንደሌለው ጠቅሰው፣ የተባለው ሁሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ቃለ ጉባኤውን የያዘው ማነው?» አሉ። አባታችን «እኔው ነኝ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሲሞላ ሰብሳቢዋ አልሳቁም። «እንግዲያው ይመዝገብ» አሉ። አባታችን ተቀምጠው ጻፉት። እስከ ዛሬ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ይመዝገብ» የሚሏቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በሳምንቱ ኮሚቴው ሳያስታውቅ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። አባታችን አሥራ አራቱንም በር አንድ በአንድ አንኳኩ፤ አምስቱ ተከፈቱ። አንዱን የከፈተችው ወጣት ሐኪም ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ቁጭ አለማለቷን ተናግራ «የኔም ሰሌዳ ብቻውን ሊቀር ጥቂት ነው የቀረው» አለቻቸው። ይህንንም ጻፉ። በሚቀጥለው ድልድል አራት ሐኪሞች መጡ። ያቺ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቀቀች፤ አባታችን ግን «ሰው ይደክመዋል» ከማለት በቀር አንድ ቀን ወቅሰዋት አያውቁም። ሰሌዳዋ ሲወርድ እሳቸው ሄደው አይተዋል።

ለአባታችንም ቅጣቱ አልቀረላቸውም። ከሥልጣን በላይ ተናግረዋል ተብለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ ለሁለት ዓመትም ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ። ሲመለሱ ኮሚቴው በጉብኝት ጊዜ ሐኪም የሚቆጠረው በር ተንኳኩቶ፣ ሰው በዐይን ታይቶ እንዲሆን ደንብ አውጥቶ ጠበቃቸው። በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። እትዬ እስኪያርፉ ድረስ ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የሚያበጥሩላቸው እሳቸው ነበሩ፤ ይህን ሥራ ለእናታችንም ለእኛም ሰጥተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ልባቸው መድከም ጀመረ። ወንድሜ የተሻለ ቦታ ላሳክማቸው ቢል «የት ነው የተሻለ? የራሴ ሆስፒታል እያለልኝ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከዚያው ኮሪደር በላይ ባለው ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ባለ አልጋ ለሃያ ስድስት ቀናት ታከሙ። ያከሟቸው ሐኪሞችና ነርሶች ሳይሰለቹ ስለተንከባከቧቸው ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት፣ ረፋድ ላይ፣ እጄን ይዘው «ቆጥረሽ ነይ» አሉኝ። ምን እንደሚሉ ገብቶኛል። ወረድኩና አንኳኳሁ። እኔም እንደ አባቴ ዐይን አፋር ነኝ፤ እንደዚያም ሆኖ በየበሩ ላይ ስሜን ተናገርኩ። ሰሌዳው አሥራ ስድስት ነው፤ ሰው ያለው አሥራ ሦስቱ ጋ ነው። ደረጃውን ስወጣ «ሁሉም አሉ» ልላቸው ወስኜ ነበር። የሚሞት ሰው ደስ ብሎት ቢሄድ ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ስደርስ ግን ዐይኔን አዩኝ።

«አሥራ ሦስት» አልኳቸው።

«ሰሌዳውስ?»

«አሥራ ስድስት ነው፣ አባዬ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያዘኑ መስሎኝ ነበር። በኋላ እጄን ጫን አድርገው «አንኳኳሽ ማለት ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ቀጥለውም «ይመዝገብ» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ እናታችንና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ቆጥሬያለሁ፤ ሁላችንም እዚህ አለን።

አባታችን ይመዝገብ ያሉትን መዝግቤያለሁ። በዚህ የተገኛችሁ የቋሚ ኮሚቴው አባላት፣ ሰው የሌለባቸው ኮሪደሩ ላይ በስተግራ አራተኛው፣ ዘጠነኛውና የመጨረሻው በር ናቸው። ከሐዘን ስትመለሱ አንኳኩልን።

ለእሳቸው ደግሞ ፈጣሪ፣ አሁን በሚያንኳኩት በር፣ ከውስጥ «ይግቡ» የሚላቸው አያሳጣቸው።