በማይጨበጨብበት ቦታ

ሙሌ፣ የኔ ጉደኛ፣

ትተኸን ከሄድክ እነሆ ዓመት አለፈ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ላይኛው ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ሳይደሰት አይቀርም፤ ያንተ ሩሲያውያን ሙዚቀኞች አርፈውለታል። እኔ ግን፣ ትስቅ ይሆናል እንጂ፣ ናፈቁኝ።

ሞስኮ ስትማር ይዘኸው የመጣኸው አመል! ከኤርፖርት ሥራህ ስትመለስ መኪናዋን ፓርክ አድርገህ፣ ሙዚቃው ሳያልቅ አልወርድም ትላለህ፤ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እበግናለሁ። ኳርቴት የምትለው ነገር አራት ሰው ተቀምጦ የሚጨቃጨቅ ይመስለኝ ነበር። የለየህልኝ አንተ ነህ። መነጽራሙ የምትለው ሩሲያዊ የሙዚቃ ደራሲ የራሱን ስም በአራት ኖታ ቀርጾ ደጋግሞ ይጠራዋል፣ ሐዘኑንም እየቆጠበ ነው የሚያወጣው። ቀልደኛው የምትለው ሌላው ደራሲ ደግሞ የተራራ ሰዎችን ዘፈን ወስዶ ያስጨፍረዋል፤ መሀል ላይ ጣል የሚያደርጋት ሻካራ ድምፅ እንኳ ሆን ብሎ ነው።

የቀልደኛውን ኳርቴት ጎረቤት ከተማ ፎርት ዎርዝ ሄደን የሰማን ቀን ትዝ ይልሃል? የመጀመሪያው ክፍል ሲቆም ያለቀ መስሎኝ አጨበጨብኩ። ብቻዬን! አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ለካ በየመሀሉ አይጨበጨብም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ስል፣ አንተ ሕጉን እያወቅህ አብረኸኝ ማጨብጨብ ጀመርክ። ልጃችን ፌቨን በእፍረት ፊቷን ሸፈነች።

ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ የእሷ ነገር ነው። ካንተ ወዲህ ያን ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያዋን፣ ቼሎዋን፣ አልነካችም። ልምምድ የምታደርሳት አንተ ነበርክ፤ ሶ፣ እኔም አስተማሪዋም ብንለምናት እምቢ አለች። የቼሎው ሳጥን ላይ ጃኬት ስናንጠለጥል ከረምን። ይሄም አብሮህ ተቀበረ ብዬ ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። ባለፈው ወር ግን ጃኬቶቹን አንስታ ሶፋው ላይ ወረወረቻቸው።

ቅዳሜ በትምህርት ቤቷ አዳራሽ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተጫወተች። ያንኑ የቀልደኛውን! መጀመሪያ ኖታው ላይ እንዳፈጠጠች ነበር፤ ያ ጭፈራ ሲመጣ ትከሻዋ ተፍታታ። የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። አዳራሹ ጭጭ አለ። አሁን እኮ ሕጉን አውቃለሁ፣ ሙሌ። አውቄ አጨበጨብኩ፣ ብቻዬን፣ እንባዬ እየወረደ። ሰው ዞረ። ፌቨን አየችኝና ሳቀች፤ ከዚያ ቼሎዋን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ አብራኝ አጨበጨበች።

አንተን መርሳት የለም፣ የኔ ጌታ። በማይጨበጨብበት ቦታ ሁሉ እናጨበጭብልሃለን፤ ሁለት ነን።

ያንተዋ ብርሃኔ