ከአያቷ ስም ጋር

የካቲት 11
ነፋስ። ልብስ ሳሰጣ ሁለት የትራስ ልብስ ወደ ባሕር ወሰደብኝ። አማቴ ፎቲኒ ከበረንዳ ሆና ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ መቆንጠጫ የሚባል ነገር አልሰማሽም?»

አምስት ወር ሞላኝ። ሴት ናት ብለውናል። በደሴታችን የመጀመሪያ ሴት ልጅ የእናቷን እናት ስም ትወስዳለች፤ የኔ እናት ካልዮፒ ናት። ማንም አይጠይቅም። ፎቲኒ ግን ዛሬ ምስር እየለቀመች «ካልዮፒ አትባልም። ከስሙ ጋር ሌላም ነገር ይመጣል» አለች። የእናቴን ሕመም ማለቷ ነው። ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ። ሁልጊዜ ዝም...

የካቲት 20
ጤና ጣቢያ። አዋላጇ ዲያማንዶ ቅጽ ትሞላለች። «በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አፌን ሳልከፍት ፎቲኒ «የለም!» አለች። ዲያማንዶ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «የለም» ተብሎ ተጻፈ።

መንገድ ላይ ፎቲኒ ክንዴን ይዛ «አንዴ ከተጻፈ እስክታገባ ይከተላታል። ለልጅቷ ብዬ ነው» አለች። ክፉ አይደለችም። ትፈራለች። እኔስ?

መጋቢት 3
ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ፋሲካ ሲቃረብ እዚህ ሁሉም ቤቱን ኖራ ይቀባል። እማዬም ቀባች። ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የጎረቤቱን ደረጃ፣ መንገዱን እስከ ቤተ ክርስቲያን። ሦስት ቀን ሳትተኛ፣ እየዘፈነች። ጨዋታ መስሎኝ ባልዲ ይዤ ተከተልኳት። በአራተኛው ቀን የጎረቤት አህያ ነጭ ሆና ተገኘች። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በመርከብ ወደ ሆስፒታል ወሰዷት...

ሕመሙ መጀመሪያ የጀመራት ግን ያኔ አይደለም። አክስቴ ነግራኛለች። እኔን በወለደች በሁለተኛው ሳምንት ነው።

መጋቢት 19
አራት ሰዓት ያህል ብቻ ተኛሁ። ልጅቷ ስለምትራገጥ ነው... ነው አይደል?

ሚያዝያ 7
ሕማማት። መንደሩ ሁሉ ኖራ ኖራ ይሸታል። ፎቲኒ ብሩሽ ሰጠችኝ። አንድ ደረጃ ቀባሁ። ደስ አለኝ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ድንገት ቆምኩ። ደስታው የኔ ነው ወይስ የሕመሙ? ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ጣልኩት።

«ምነው ልዕልት፣ ደከመሽ?»

«መጣሁ» አልኳት። እጄን ሳልታጠብ ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

«ያ ቅጽ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው» አልኳት ዲያማንዶን። ሁሉንም ነገርኳት። እንዲህ ብዙ አውርቼ አላውቅም።

አልደነገጠችም። «አልዋሽሽም፣ አንቺ ላይ ያለው ስጋት ከሌላው ሰው ይበልጣል። ግን የግድ ይይዝሻል ማለት አይደለም። ካወቅን እንዘጋጃለን። ሐኪሙ በሚቀጥለው መርከብ ሲመጣ ታገኚዋለሽ። ከወለድሽ በኋላ ዋናው እንቅልፍ ነው። ሕመሙ ሲጀምር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ አለ?»

አንድ ሰው አለ።

ሚያዝያ 16
እማዬ ጋ ወጣሁ፣ ላይኛው መንደር። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ አስር ዓመት ሆናት። ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ብርቱካን ላጠችልኝ።

«ስሜን እንዳትሰጫት» አለች፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ለስም አልመጣሁም። ሲጀምርሽ ምን ይሰማሽ እንደነበር ንገሪኝ።»

ማንም ጠይቋት የሚያውቅ አይመስለኝም። ልጣጩን ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር ቆየች።

«ደስ ይልሻል» አለች። «ሐዘን እንዳይመስልሽ። ደስ ይልሽና ሁሉም ነገር ይገባሻል። እንቅልፍ የሰነፍ ነው ትያለሽ። ያኔ ንገሪኝ። ባትነግሪኝም አይቼ አውቅሻለሁ።»

«ትመጫለሽ?»

«ፎቲኒ ታስገባኛለች?»

«ቤቱ የኔም ነው» አልኩ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት?

ግንቦት 2
ሐኪሙን አገኘሁት። ያወጣልኝን ዕቅድ ፍሪጁ ላይ ለጠፍን። የሌሊቱን ጡጦ ባሌ ሚናስ ይሰጣል። «ዓሣ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ሕፃን ያቅተዋል?» ይላል። ፎቲኒ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበችው። ግን አልቀደደችውም።

ሰኔ 24
ልጅቷ አስር ቀኗ። እማዬ በየጠዋቱ ትመጣለች። አገጬን ይዛ ዓይኔን ታያለች።

«ስንት ሰዓት ተኛሽ?»

«ስድስት ሰዓት ያህል።»

«ዛሬ ምን ገባሽ?»

«ምንም አልገባኝም።»

«ጎሽ!»

ፎቲኒ ከምድጃው ዞር አለች። «እሷማ ድሮም አይገባትም!» ብላ ሳቀች። ለእማዬ ወንበር ሳበችላት።

ሐምሌ 1
ዛሬ እማዬን «ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ» አልኳት። መዋሸት እችል ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ቁምሳጥኑን በሙሉ አጥቤያለሁ፣ ደስ ብሎኝ... እማዬ ልጅቷን ተቀብላኝ መጋረጃውን ዘጋች። ሚናስ ለሐኪሙ ደወለ። ያዘዘልኝን ዋጥኩ። እስከ ከሰዓት ተኛሁ።

ሐምሌ 5
አራት ቀን በደንብ ተኛሁ። ዛሬም ምንም አልገባኝም።

ነሐሴ 30
ትናንት ተጠመቀች። ዛሬ ከፎቲኒ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድን፣ የልጅቷን ፋይል ለማስከፈት። ቅጹን ራሴ ልሙላው አልኩ።

የልጅ ስም፦ ካልዮፒ።
በቤተሰብ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፦ አለ፤ አያቷ ካልዮፒ።
ችግር ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠራ ሰው፦ ካልዮፒ።

ዲያማንዶ አነበበችው። «ተሳስተሽ ይሆን? ሦስቱም ቦታ ላይ አንድ ስም ነው ያለው።»

ፎቲኒ ቀድማኝ አፏን ከፈተች።

«አልተሳሳተችም» አለች።

ፈረምኩ።